ዳገት የሌለበት ከተማ

ቀያሹ ለአጭር ዕረፍት ከተማ ሲመርጥ መለኪያው አይለወጥም፤ በእግር የሚዞሩት፣ ምግቡ የሚበላ፣ ለፎቶግራፍ የሚመች። ሚስቱ ልብስ ሰፊዋ ተራራ ቢያምራት ሰሚ አላገኘችም።

«ዳገት አለው» ይላታል፣ ካርታውን በጣቱ እየዳሰሰ።

«ቢኖረውስ? አዝለኸኝ አትወጣ!»

ይስቃል፤ ሜዳማውን ይመርጣል። ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲለካ የኖረ ሰው ነውና ሜዳ የቱ እንደሆነ አይጠፋውም። ዱሮ ተለምኖ እንኳ ከቤት የማይወጣው ሰው፣ ዘንድሮ ከአንዱ ጉዞ ሳይመለሱ የሚቀጥለውን ያስባል።

ከደረሱ በኋላ እሷን ያስቀድማል፤ ካሜራውን ደቅኖ ከኋላ ይከተላል።

«ሰው የሚስቱን ፊት ያነሳል። አንተ ጀርባዬን ምን ልታደርገው ነው የምትሰበስበው?»

«መንገዱ ነው የማረከኝ። ቀጥ ብለሽ ሂጂ።»

ቀጥ ብላ ትሄዳለች። የእግረኛ መንገዱ ንጣፍ ያደናቅፋታል፤ የማታውቀውን ከንቲባ ትረግማለች።

ምግብ ቤት ሲገቡ በቢላና በሹካ የሚበላ ጥብስ ያዝዝላታል። የራሱ ሳህን እንደቀረበ ይመለሳል። አንድ ቀን ሹካው ከእጇ አመለጠ።

«ሹካውንም ቅቤ ይቀቡታል እንዴ እዚህ አገር?» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

እየከሳ ሄደ። ሱሪውን ሁለቴ አጠበበችለት። መቀሷ ዶልዱሞ አስቸገራት፤ አስሞረደችው፤ ያው ነው። የዘንድሮ ሞራጅ አይታመንም አለች።

ታላቅ እህቷን ነገሩ አልጣማትም።

«ወንድ በስተርጅና ሚስቱን እንዲህ የሚያሽሞነሙነው ሲበድላት ነው። ሌላ አለችው፤ ምን አለች በይኝ!»

«ምን ይዞ?»

«ካሜራውን ይዞ!»

ከዚያ አንድ ጠዋት ይህችው እህት ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መጣች። ቀያሹ ከነርቭ ሐኪም ክፍል ሲወጣ በዓይኗ በብረቱ አይታዋለች። ሲያለቅስ ቆይቶ ነበር።

«ሌላ ሴት ያልኩትን ማሪኝ» አለች። «ምነው ሌላ ሴት በሆነችና!»

ልብስ ሰፊዋ ቁጭ አለች። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘላት። ዳገት የሚሸሸው እግሩ ቢከዳው ነው። ሳህኑን የማይነካው መዋጥ ቢያቅተው ነው። ጉዞውም ጉዞ አይደለም፤ መሰነባበት ነው። ያለ እሱ ቤቱን አሰበችው፤ አልሆነላትም።

ምሳ ላይ ፊት ለፊት ጠየቀችው።

«ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ይዘኸኝ ሂድ።»

ጉርሻው አፉ ሳይደርስ ቀረ። «ማን ነገረሽ?»

«ሚስትህ ነኝ፤ ነጋሪ አልፈልግም። አንተ ብትወድቅ እኔ አለሁልህ። ጠንካራ ነኝ፤ አስታምምሃለሁ።»

እጇን ያዘ። «እሺ፤ አብረን እንሄዳለን» አለ።

በቀጠሮው ቀን ጥሩ ቀሚሷን ለበሰች። የሐኪም ቤቱን ደረጃ ሲወጡ ክርኑን ይዛ ልትደግፈው ስትል ራሷ ተንገዳገደች፤ ያዛት።

«ደጋፊም አልሆንኩህ» አለችው። «ግድ የለም፣ እለምደዋለሁ።»

ሐኪሟ ወጣት ነበረች። ልብስ ሰፊዋ ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ልጄ፣ ምንም እንዳትደብቂኝ። ለሚመጣው ሁሉ ልቤን አጠንክሬ ነው የመጣሁት።»

ሐኪሟ ቀያሹን አየችው። እሱ ወለሉን አየ። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን የልብስ ሰፊዋን የጀርባ ፎቶግራፎች ሰብስባ ወደ ጎን አደረገችና ተነሳች።

«እንግዲያው እናቴ፣ ጫማዎን አውልቀው እስከ በሩ ድረስ ይራመዱልኝ።»