ሰሌዳው ባዶ ነበር

«አንቺ በይኝ አልኩሽ እኮ፤ አላረጀሁም» አለች የአናጢው ሚስት፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሐይቁ ውስጥ እየነከረች።

ቁጥር ሰጪዋ እሺ አለች። ወዲያው ደግሞ «ብርድ እንዳይመታዎት» አለቻት። በየዓመቱ እንደዚሁ ነው፤ አንቺ ማለት ከአፏ አልወጣ ይላታል።

ሐይቁ በተራሮች መሃል ሳህን ላይ እንደተጨለፈ ውሃ ተቀምጧል። አሸዋማው ዳርቻ የቤተሰብ ነው። ድንጋያማው ከላይ እየዘለሉ መግባት ለሚወዱ ጎረምሶች። ሸምበቆው ጥግ ደግሞ ቦርጩን ለሰው ማሳየት ለማይፈልግ ሁሉ። ወደ ውሃው የሚገባ ሰው ከቁጥር ሰጪዋ የቆርቆሮ ቁጥር ይቀበልና መግቢያው ላይ ካለው ሰሌዳ ላይ ይሰቅለዋል። ሲወጣ አውርዶ ይመልስላታል። ማታ ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ሁሉም ወጥቷል። አንድ ቁጥር ከቀረ ፊሽካ ትነፋለች፣ ጀልባ ይወጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አናጢው ሊዋኝ መጥቶ ቤቱ ሳይመለስ ቀረ። ፖሊሶች ሲጠይቋት ሰሌዳው ባዶ ነበር አለቻቸው። ስለዚህ ውሃውን ለይስሙላ አዩትና ፍለጋው ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ዞረ። ሰውየው ሚስቱን ጥሎ ኮበለለ ተባለ፤ ሰፈርተኛውም ወሬውን ተቀባብሎ አደመቀው።

ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ብርዱ ሲለቅ ትመጣለች። ዳርቻዎቹን አንድ በአንድ ትዞራለች። ቁጥር ሰጪዋም ማንም ሳያዛት አብራት ትዞራለች። የሥራ ባልደረቦቿ፣ ይህች ላጤ ልቧ ቅቤ ነው ይላሉ። እንዲህ ባሏት ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች።

ዘንድሮ የአናጢው ሚስት አዲስ ነገር ይዛ ነው የመጣችው። ሰው ለጋብቻ ጠይቋታል። መድኃኒት ቤት የሚሠራ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እህቶቿ ምን ትጠብቂያለሽ እያሉ ይነዘንዟታል። እሷ ግን እሺም እምቢም ማለት አቅቷታል። ባሏ ሞቶ ከሆነ አልቅሳ ትጨርሳለች። ትቷት ከሆነ ግን፣ አንዴ የተተወች ሴት ሌላው እንደማይተዋት በምን ታውቃለች?

ወደ ሸምበቆው የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ይዘው ሄዱ። ቁጥር ሰጪዋ ዘንቢል አንጠልጥላለች። ዳቦው ሥር አንድ ነገር ብልጭ ቢል ሚስትየው እጇን ሰደድ አድርጋ አወጣችው። የበር ማጠፊያ ነው።

የቁምሳጥኗ በር ወልቆባት እንደሆነ ቁጥር ሰጪዋ ነገረቻት።

«እሱ ቢኖር እኮ ሻይሽ ሳይበርድ ይገጥምልሽ ነበር» አለች ሚስትየው። ማጠፊያውን ከፈት ዘጋ እያደረገች ፈገግ አለች። «ስንት በር ገጥሞ አንዱንም አያምንም ነበር። ቤት ሲገባ በሩን ይዘጋል፣ ትንሽ ከፈት ያደርጋል፣ እንደገና ይዘጋል። እናቴ ታዲያ፣ ልጄ፣ ውጭ ሰው ረስተህ ነው ወይ...»

ቁጥር ሰጪዋ ቀልዱ ሳያልቅ ሳቀች። ሳቋን ወዲያው ዋጠችው።

ከሸምበቆው ጀርባ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ሚስትየው ወደ ላይኛው አየች። ይህን አንድም ቀን አላሳየሽኝም አለቻት። ድንጋይ ስለሚናድ ተዘግቷል ስትባል አልተከራከረችም። ተመልሰው ዳርቻው ላይ ተቀመጡ። ውሃው ፀጥ ብሏል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ሚስትየው። «ያኔ ሰሌዳው ባዶ ነበር ስትዪ ዓይኔን አላየሽም። ሴት ነበረች አይደል? አብረው ሲሄዱ ካየሽ ንገሪኝ። አልቀየምሽም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ቁጥር ሰጪዋ ዘንቢሏን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው ፊሽካ በድንገት የከበዳት መሰለ።

«አልተወሽም» አለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አለቻት።

«አንድ ቁጥር ተሰቅሎ ነበር። እኔ ነኝ ያወረድኩት። ብርድ ነበር፣ ቶሎ ቤቴ መግባት ፈልጌ ነበር። ረስቶት የሄደ መሰለኝ። ፊሽካ አልነፋሁም።»

«ልብሱስ?»

«ጠዋት አገኘሁት። ፈራሁና አቃጠልኩት።»

ሚስትየው በጥፊ መታቻት። ጥፊው ተራራው ላይ ያስተጋባ መሰለ። ከዚያ ያው የመታት እጅ አንገቷን አቀፈ፤ ትከሻዋ ላይ ተደፍታ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አልተወኝም፣ አልተወኝም ትላለች። ቁጥር ሰጪዋ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት።

ሲረጋጉ ቁጥር ሰጪዋ ነገ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ራሷ ቃሏን እንደምትሰጥ ነገረቻት።

«ከሥራ ያባርሩሻል እኮ» አለች ሚስትየው አፍንጫዋን እየጠራረገች። «ሊያስሩሽም ይችላሉ።»

«ይሁን።»

«እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። ሰማሽ? እግዜር ይስጥሽ።»

ቁጥር ሰጪዋ ዓይኗን ሰበረች። ከጥፊው ይልቅ ይህኛው አመማት።

ሚስትየው በሐይቁ ውሃ ፊቷን ታጠበች፤ ስትመጣ ከነበረችው ይልቅ ወጣት መስላ አውቶቡሱ ላይ ወጣች፤ በመስኮት እጇን አወዛወዘች። ቁጥር ሰጪዋ አውቶቡሱ ከመታጠፊያው እስኪሰወር ቆመች። ሰሌዳውን አየች፤ ባዶ ነው። ፊሽካዋን ከአንገቷ አውልቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

ከዚያ ዘንቢሏን አንስታ በላይኛው መንገድ ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ እንደ ደከመው ሰው በሩን ሳትዘጋ ገባች። ዘንቢሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዳቦውን አወጣች። ማጠፊያውን አወጣች። ዞር ብላ አላየችም።

ከኋላዋ በሩ ተዘጋ። ትንሽ ከፈት አለ። እንደገና ተዘጋ።