ይቅር ብላለች

ልብስ ሰፊዋ ዚፑን ገልብጣ ሰፍታዋለች። ከጠዋት ጀምሮ እጇ እዚህ ነው፣ ልቧ ግን ባሏ የሄደበት ቤት። በራሷ እየተናደደች ስፌቱን ትተረትርና ዚፑን አስተካክላ እንደገና የስፌት መኪናው ላይ ታስቀምጠዋለች። የቀሚሱ ባለቤት ዛሬውኑ ነው የምፈልገው ብላ ስትጨቀጭቃት ነው የሰነበተችው።

ባሏ ባለታክሲ ነው። ጠዋት ሲወጣ ለታናሽ እህቷ መልእክት ሰጥታዋለች። “እህትሽ ይቅር በዪኝ ብላለች፣ ቤትሽ ልምጣ ወይ ብላለች በላት” ብላ፣ መንገድ ላይ እንዳይጠፋበት አስደግማዋለች። እሱም ትምህርት ቤት እንዳለ ልጅ ደግሞላት ወጣ።

እህትማማቾቹ የተቆራረጡት በእናታቸው ቀብር ዕለት ነው። ያን ቀን ልብስ ሰፊዋ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ “በቁሟ ሳትጠይቂያት አሁን ምን ልትሠሪ መጣሽ?” ብላ ጮኸችባት። ታናሿ ዞራ ሄደች፤ በዚያው ጠፋች። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ ቤተ ክርስቲያን ከመሄድ አልቀረችም፣ ጸሎቷንም አታስታጉልም። ብቻ አባታችን ሆይ ስትል፣ ስለ ይቅርታ የሚናገረው ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ሰው መንገድ ላይ የተኛ ውሃ እንደሚዘል ዘለል አድርጋው ታልፋለች። እግዜርን ከመዋሸት መዝለሉ ይሻላል ብላ ነው እንግዲህ።

ባለፈው ሰሞን ትንሿ ልጇ ብቻዋን ስትጸልይ ሰማቻት። ልጅቷ በዚያች በቀጭን ድምፅዋ ጸሎቱን ሳትደናቀፍ አወረደችው። ስለ ይቅርታ የሚናገረው ቦታ ግን የለም። ከእናቷ አፍ ነዋ የተማረችው፣ ከነጉድለቱ። ልብስ ሰፊዋ ክው ብላ ቀረች። እህቷን ማፈላለግ የጀመረችው በማግስቱ ነው፤ ቤቷ የተገኘው ደግሞ ትናንት።

በሩ ገርበብ ይላል። ባሏ አንገቱን ብቻ ያስገባል።

“ይቅር ብላለች” ይላታል፣ በስፌት መኪናው ጩኸት ላይ። “ታክሲዋን ላቁምና እመጣለሁ፤ ትራፊኩ ዓይኑን ጥሎብኛል።”

በሩ ይዘጋል። ሰውዬው ሰርግም ይንገር መርዶ ድምፁ አንድ ነው፤ ፊቱ ላይም ምንም አይነበብም።

እግሯ ፔዳሉ ላይ ደርቆ ይቀራል። ልምጣ ወይ ብላ ላከች፤ ይቅር ተባለች። በቃ። መጀመሪያ የሚመጣባት ንዴት ነው። “ይቅር ካለች ይቅር! ለምኜ ልሞት ነው እንዴ?” ትለዋለች ቀሚሱን። መቀሱን ታነሳለች፤ ምን ልትቆርጥበት እንደሆነ ይጠፋባትና መልሳ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ንዴቱ በርዶ እንባዋ ይመጣል። የሰው ልብስ እንዳይነካባት በክንዷ ትጠርገዋለች።

“ጌታዬ” ትላለች ቀስ ብላ፣ “እንቢ ብትለኝ እውነቷን ነው። እኔ ግን እናቴን አልጠየቀችም እያልኩ ይሄን ቂም ተሸክሜ መኖር ሰልችቶኛል። ትቼላታለሁ። እሷ ብትፈልገኝም ባትፈልገኝም ትቼላታለሁ።”

እዚያው የሥራ ወንበሯ ላይ፣ ዚፑ በመርፌው እንደተያዘ፣ አባታችን ሆይ ትጀምራለች። ያ ቦታ ሲደርስ ግን አትዘለውም። ቃል በቃል ትለዋለች። ስትጨርስ ደረቷ ቀለል ይላታል። መልሱ እንቢታ ሆኖ ሳለ እንዴት እንደሚቀላት አይገባትም፤ ቢሆንም ቀሏታል። ነገ ራሷ ትሄዳለች። በሩ ቢዘጋባት ሌላ ቀን ትመለሳለች።

ባሏ ይገባል።

“አሁንም ትሰፊያለሽ? ተነሺ እንጂ!”

“ተነስቼ የት ልሂድ? ይቅር ብላለች አላልከኝም?”

“አዎ፣ ይቅር ብላለች።”

“ታዲያ ይቅር ካለች ምን አስነሳኝ?”

“ሴትዮ፣ ይቅር ብላሻለች እኮ ነው የምልሽ! አንቺ የምን ይቅር መሰለሽ?”

“አንተ ሰውዬ!” ትላለች ልብስ ሰፊዋ፣ ልትስቅም ልታለቅስም እየቃጣት። “እንዲህ ያለ ነገር ፊትን ግድግዳ አድርጎ ይነገራል? ልትገድለኝ ነው?”

“ፊቴ ደግሞ ምን ሆነ?” ይላል ባሏ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት። “ደሞ ትምጣ ሳይሆን እኔው ልሂድ ነው ያለችው። ይኸው ታክሲው ውስጥ ናት። በር ላይ ስንደርስ ፈርታ አልወርድም አለች።”

ቀሚሱ ከነዚፑ መሬት ይወድቃል። ውጭ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል። ልብስ ሰፊዋ አስፋልቱን እየሮጠች ተሻግራ የታክሲውን የኋላ በር ትከፍታለች። ስንት ቀን ስታሰናዳው የከረመችው ንግግር ካፏ ብን ብሎ ይጠፋል። ታናሿ ከስታለች፣ ጠጉሯም ጣል ጣል አድርጎ ሸብቷል። ዓይኗ ግን ቁርጥ የእናታቸው ነው።

“እትዬ” ትላለች ታናሿ። ጠጋ ብላ ቦታ ትለቅላታለች።

ጎን ለጎን ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ባሏ ገብቶ መሪውን ይይዝና “ወዴት ልንዳ?” ይላል። ታናሿ አፍንጫዋን ሳብ እያደረገች፣ ከታላቋ ትከሻ ላይ የተጣበቀውን ብጥስጣሽ ክር አንድ በአንድ ትለቅምላታለች።