አማቷ በረኪናውን ለምን ደበቁት?

«መሰረትን ኮል አድርጋትና ቅዳሜ መጥታ እናትህን ትውሰዳቸው።»

ሳሌም ይህን ያለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው... አማቷ ጓዳ ውስጥ ናቸውና።

ባሏ ፋኑኤል ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ወደ ጓዳው በር ዞሮ አየ።

እናቱ ወይዘሮ አረጋሽ ከአዲስ አበባ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጡ ገና ሁለተኛ ሳምንታቸው ነው።

እህቱ መሰረት ያለችው እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነው... መንገዱ ሩቅ አይደለም። ግን እናት በመጣች በሁለት ሳምንቷ ከወንድ ልጇ ቤት ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ዘመድ ምን ብሎ እንደሚያወራ እናንተው ታውቁታላችሁ።

«እማዬ ምን አደረገችሽ?» አላት።

ሳሌም የምትናገረው አላጣችም።

አማቷ በመጡ ማግስት ቤቱን ተረከቡት!

እሷ «አማቴ ሊመጡ ነው» ብላ ቀኑን ሙሉ በበረኪና ስትፈትግ የዋለችውን ባዝሩም፣ እሳቸው በአቼቶና በቤኪንግ ሶዳ እንደገና ፈተጉት።

የሎሚ ልጣጭ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈው በስፕሬይ ጠርሙስ ሞሉ... መስታወቱን ከሀበሻ ሱቅ በመጣ አሮጌ ጋዜጣ ወለወሉ... ቤቱ ሁሉ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ።

በዚህ ቢያበቃ ምንም አልነበረም።

ከታች ካቢኔት ድስቶቿን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ከላይኛው መደርደሪያ ሽሮና በርበሬውን አወረዱ። የልብስ ቅርጫቱን ከፋኑኤል በቀር ማንም እንዳያነሳው አዘዙ።

ጭራሽ ሲንኩ ስር የነበረው በረኪና ጠፋ... ስትጠይቃቸው «አለ፣ የትም አይሄድም» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እንግዲህ በእኛ ቤት አማት ሳትጠየቅ መጥረጊያ ካነሳች ትርጉሙ ምንድን ነው? «ምራቴ ሙያ የላትም» ማለት ነው። ሳሌምም የገባት እንደዚያ ነው... በልቧም ክፉኛ ተቀየመች።

ፋኑኤል እስከ ቅዳሜ እንድትታገስ ለመናት። በእናትና በሚስት መሃል ያለው ቦታ ምን ያህል እንደሚጠብ ያገባ ሁሉ ያውቀዋል።

በማግስቱ ሳሌም ከሥራ ስትመለስ አዲስ በረኪና ገዝታ ገባች።

ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ ባዝሩም... ገንዳው አቼቶ እንደተረጨበት ገና እርጥብ ነበር።

የበረኪናውን ክዳን ስትከፍተው ሽታው ሆዷን ገለበጠው።

ሳሌም ነፍሰ ጡር ነበረች... ከፋኑኤል በቀር ማንም አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ስታረግዝ ገና በጠዋቱ ለሁሉም ተናግራ ነበር። ጽንሱ ሲወርድ ታዲያ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ «ደረሰ ወይ?» ለሚላት ሁሉ እየመለሰች ከረመች። ከሐዘኑ ይልቅ ያ መልስ ነው የጎዳት። ስለዚህ አሁን ባሏን «ለእናትህም ቢሆን እንዳትናገር» ብላ አስምላዋለች።

ትንፋሿን ያዝ አድርጋ ጠርሙሱን ዘንበል ልታደርግ ስትል... ወይዘሮ አረጋሽ ከኋላዋ ደርሰው ነጠቋት። ክንዷን ይዘው ወደ ሳሎን አወጧትና መስኮቱን ከፈቱ።

የሳሌም እንባ መጣ።

«ቤቴ ይህን ያህል ቆሽሾብዎታል እማማ?»

አሮጊቷ ጠርሙሱን በደንብ ከደኑት።

«ቤትሽማ ጽዱ ነው ልጄ... ይሄ ነገር ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ጭሱ ደረት ያፍናል። ብቻሽን ብትሆኚ እንኳ አላስነካሽም ነበር።»

ብቻሽን ብትሆኚ?!

ሳሌም እንባዋን ጠረገች።

«ፋኑኤል ነገረዎት?»

«እሱማ አፉን ዘግቶ ነው የከረመው» አሉ። «የመጣሁ ቀን በረኪናውን ስትከፍቺ ፊትሽን አየሁት። ባዝሩም ገብተሽ ውሃ ከፍተሽ የምታስመልሺውም ይሰማኛል። እኔም እኮ ወልጃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«የሰው ሆድ ባለቤቱ ሳይናገር ይወራል እንዴ? ፈርተሽ ዝም ብለሻል... እኔ ባነሳው ጭንቀት እጨምርብሻለሁ። አታጎንብሺ ብልሽ ደግሞ ማወቄን ትነቂብኛለሽ። ስለዚህ ዕቃውን ወዳንቺ አመጣሁት።»

ሳሌም ወደ ኩሽናው ዞራ አየች።

ድስቱ፣ ሽሮው፣ መክተፊያው... ጎንበስ ብላ ወይም ተንጠራርታ የምታወጣው አንድም ዕቃ የለም። ሁሉም ቆማ እጇን ስትዘረጋ የምታገኘው ነው።

«ቅዳሜ መሰረት ጋ እንደምሄድ ሰምቻለሁ» ቀጠሉ አሮጊቷ፣ ቂም በሌለው ድምፅ። «እሄዳለሁ፣ እሷም ልጄ ናት። ብቻ ባዝሩሙን ፋኑኤል ይጠበው።»

ሳሌም ከዚህ በላይ አልቻለችም... አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ሰው ፊት ልትለው የፈራችውንም ቃል አወጣችው።

«እማማ... እርጉዝ ነኝ። ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። እስክወልድ የትም አይሂዱብኝ።»

ወይዘሮ አረጋሽ ዓይናቸውን ፈጠጥ አድርገው ደረታቸውን ያዙ... ምንም የማያውቅ ሰው እንደዚያ ነው የሚደነግጠው።

«ውይ የኔ ልጅ! እንኳን ደስ ያለሽ... ዛሬ ምን የመሰለ ወሬ አሰማሽኝ!»

...

ወገኖቼ፣ የሚወደን ሰው ሁሉ እንደሚወደን አይነግረንም። አንዳንዱ ምስጢራችንን ጠብቆ፣ ስሙ በክፉ ሲነሳ እየሰማ፣ ዝም ብሎ ሸክማችንን ያቀልልናል። ስለዚህ ሰው ቤታችን ውስጥ ያደረገው ነገር ሲከብደን ከመቀየማችን በፊት «ለምን?» ብለን እንጠይቅ።

በነገራችን ላይ በረኪናና አቼቶ በፍጹም አትቀላቅሉ፤ ይሄ ተረት አይደለም።

እናንተስ... ንቀት ነው ብላችሁ ተርጉማችሁት ኋላ ፍቅር ሆኖ ያገኛችሁት ነገር አለ? ማን ነበር ያደረገላችሁ? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉልን... በሕይወት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉለት።