አውራ ጣት የማይገባበት ሱሪ

ልብስ ሰፊው የመለኪያ ክፍሏን መጋረጃ ግጥም አድርጎ ዘጋና አውራ ጣቱን በሱሪው ወገብና በሆዱ መሃል ለመክተት ሞከረ። ትንፋሽ መሳብ፣ ሆድ ማጉደል ክልክል ነው፤ ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው። ጣቱ ጥፍሩ ድረስ ገባና ቀረ። ወደ ጎን ዞሮ ሞከረ። ያው ነው።

«ኧረ ተው» አለው መስታወቱን። «ዘጠና ቀን እኮ ነው።»

ዘጠና ቀን፣ አንዷን ሳያጎድል። ሱቋ ያለችበትን አራተኛ ፎቅ ሊፍቱን ትቶ በእግሩ ነው የሚወጣው። ከሻዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር ወጥቷል፤ ዳቦም ከግማሽ አያልፍም። መጀመሪያ ሰሞን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብሎ ነፍሱን ይሰበስብ የነበረ ሰውዬ፣ አሁን እያፏጨ ይወጣል።

ከዘጠና ቀን በፊት ሐኪሟ የምርመራ ወረቀቱን እያየች፣ «አባቴ፣ በሦስት ወር ውስጥ ወገብዎም ስኳርዎም ካልቀነሰ መርፌ እንጀምራለን» ስትለው ክው ነበር ያለው። ሠላሳ ዓመት ከመርፌ ጋር የኖረ ሰው መርፌ ይፈራል ቢባል ማን ያምናል? ደግሞ የፈራው መርፌውን ብቻ አይደለም። አባቱም ልብስ ሰፊ ነበሩ። ስኳር መጀመሪያ የእግር ጣታቸውን፣ ቀጥሎ ፔዳል የሚረግጡበትን እግራቸውን ወስዶባቸዋል።

ቀጠሮው ዛሬ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ከነጋ ጀምሮ ቁጭ ማለት አቅቶት፣ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ሲንቆራጠጥ ነው ያረፈደው። የጠዋቱን ፎቅ ሳይታወቀው ሁለቴ ወጥቶታል። ሚስቱም፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ምን ነክቶሃል?» እያለች ስትስቅበት ነበር።

በሜትር ለምን አይለካም ትሉ ይሆናል። እሱ እንኳ ለደንበኛ ደስ እንዲለው ሜትሯን ሁለት ጣት ሲያላላና ሲያጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ በገዛ እጁ የራሱን ወገብ ለክቶ እንዴት ይመነው? ሱሪው ግን አያባብለውም። ሱሪው ደግሞ እንደ መጀመሪያው ቀን ልክክ እንዳለ ነው።

ወሽመጡ ቁርጥ አለ። መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርግ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ለልጇ የሙሽራ ቀሚስ ያሰፋች እናት ለምስጋና ያመጣችው ኬክ ታየው፤ ከነሣጥኑ፣ ያልተነካ። መወጋቴ ካልቀረ በልቼ ልወጋ፣ አለ በልቡ። ተናደደ፤ አልቅስ አልቅስም አለው።

እንግዲያው መጀመሪያ ሱሪው ይስፋና ሰው እንደ ሰው ይተንፍስ። በየዓመቱ ሲያሰፋው ኖሮ የለ? አወለቀው፣ ገለበጠው፣ ምላጩን አነሣና የኋላውን ስፌት ሊተረትር ጎንበስ አለ።

እጁ ቀጥ አለ። ስፌቱ የሱ አይደለም። ልብስ ሰፊ የራሱን እጅ ያውቃል። የሱ ስፌት ረዘም ረዘም ያለ ነው፤ ይሄ ደቃቅ፣ ጥብቅ ያለ ነው። ደግሞ አንድ መስመር አይደለም፣ ሦስት ነው፤ አንዱ ከሌላው ወደ ውስጥ እየገባ የሄደ። የታጠፈውን ጨርቅ በጣቱ ለካ። ሦስት ጣት። ሲዘረጋ ስድስት።

«ስድስት ጣት» አለ ቀስ ብሎ።

በሸሚዝና በውስጥ ሱሪ ብቻ ወጣ። ሚስቱ መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ኮሌታ ትሰፋለች።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

ቀና አለች። «ኧረ በሩ ክፍት ነው። ሰው ቢገባስ?»

«ይግባ። የማን እጅ ነው?»

«የኔ ነዋ። ምነው፣ ተጣመመ?»

«መቼ?»

«በታጠበ ቁጥር። ሦስቴ ይሆናል።» ክሯን በጥርሷ በጠስ አደረገች። «ምን ላድርግ ታዲያ፣ ሱሪህ እየተንሸራተተ ደንበኛ ፊት ስትጎትተው ልይ? የሰው ልብስ እያሳመረ የራሱን መሰብሰብ አቃተው እንዲሉን? የላላ ነገር እጄ ከገባ ማጥበቤን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«አትነግሪኝም?»

«ልብስ ሰፊ አይደለህ እንዴ። ያወቅክ መስሎኝ ነዋ።»

የሰው ልብስ ሲገለብጥ የሚውል ሰው የራሱን እንደማይገለብጥ ምን ብሎ ያስረዳት? አንድ ነገር ግን አልገባውም። «ሳትለኪኝ ልኬን ከየት አመጣሽው?»

ሚስቱ ወደ ኮሌታዋ ተመለሰች። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ኖራ አሁንም አፈር ትላለች። «በክንዴ። በፊት ሳቅፍህ ጣቶቼ ከጀርባህ አይገናኙም ነበር። አሁን ይቆላለፋሉ።»

ሳቁ መጣበት። እዚያው ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ እየሳቀ፣ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገ፣ ምላጩን አስገባና ትርትር አደረገው፤ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን።

«ምን እያደረግክ ነው? ያማረ ስፌት እኮ ነው።»

«እጅሽ ይባረክ። ለሐኪሟ ግን ይሄን ነው የማሳያት።»

ሱሪውን አጠለቀ። አውራ ጣት ቀርቶ ሙሉ ክንድ ይገባል። ሲለቀው ጉልበቱ ላይ ወረደ፤ ሚስቱ አፏን ይዛ ቀረች።

«በመርፌ ቁልፍ ላያይዝልህ?» አለች ሳቋ ሲለቃት።

«ዛሬ የመርፌን ስም እንዳትጠሪብኝ።»

ከደጅ ሲወጣ ፎቶ አንሺው ጎረቤታቸው ከሊፍቱ ወርዶ «እንዴት ዋልክ» እያለ እጁን ዘረጋለት። ልብስ ሰፊው የሚዘረጋው እጅ አልነበረውም። ክርኑን አስጨበጠውና፣ ሱሪውን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ እንደያዘ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ።