የዓሣ አጥማጁ ገቢ

የባድሩ ወንድም የምስክርነት ቃሉን ሲሰጥ ባድሩ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጥ ነበር። ዳኛዋ አስቀድመው ነግረውታል፤ ደመወዝ ስለሌለው ለልጁ የሚቆረጠው የወር ቀለብ ከሐይቁ በሚያገኘው ልክ ይሆናል፤ ያንንም በምስክር ማስረዳት አለበት። ወንድሙ ገቢውን ዝቅ አድርጎ እንዲናገርለት የተስማሙት ትናንት ነው።

«ክብርት ዳኛ፣ ወንድሜ ምስኪን ነው» አለ ወንድሙ። «ወላሂ፣ መረብ መጣሉን እንኳ በወጉ አያውቅበትም። በቀን ሦስት ቆሮሶ ዓሣ ካገኘ አልሐምዱሊላህ ይላል።»

ከኋላ ከተቀመጡት ዓሣ አጥማጆች አንዱ ሳቀ። ባድሩ ቀና ሲል የሰባት ዓመት ልጁ ከእናቷ፣ ከቀድሞ ሚስቱ ከኢንሳፍ ጎን ሆና ትክ ብላ እያየችው ነው። ብድግ አለና መረብ የቆራረጣቸውን እጆቹን ለዳኛዋ ዘረጋ።

«ይኼ ሱቅ ጠባቂ ነው፤ ስለ ዓሣ ምን ያውቃል? በቀን ሃያ እይዛለሁ። ሃያ ተብሎ ይጻፍልኝ።»

ወንድሙ ኮቱን ይዞ ጎተተው፤ እሱ ግን አልተቀመጠም። ዳኛዋ ወደ ኢንሳፍ ዞሩ። ሃያ ከተጻፈ ቀለቡ ከጠየቀችውም በላይ ይሆንላት ነበር።

«ሃያ አይሞላም» አለች ሻርፗን እያስተካከለች። «ስምንት ዓመት ሙሉ ዓሣውን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። አሥራ አምስት ነው። ለልጄ በውሸት የመጣ ቀለብ አልቀበልም።»

ዳኛዋ ሊጽፉ እስክሪብቷቸውን ሲያነሱ ባድሩ ጣልቃ ገባ።

«አሥራ ስምንት» አለ፤ ከዚያ በታች እንደማይወርድ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።