የአሥረኛ ሲ ስም ጥሪ

የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ልጅ ከሪማ አቡበከር ከጠፋች አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነበር። በነጻ የትምህርት ዕድል ገብታ ከሀብታም ልጆች ጋር የምትማር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። መርማሪ አይናዲስ የምትማርበትን የፒያሳ ትምህርት ቤት የስም መጥሪያ መዝገብ ስታገላብጥ ግን ልጅቷ አንድም ቀን እንዳልቀረች ተጽፏል።

«በየቀኑ ተገኝታለች ብለው ጽፈዋል እኮ፣ መምህር!»

መምህር ዕዝራ ላባቸውን ጠረጉ። «ስሟን ስጠራ አቤት ትላለች። ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም።»

«አጠገቧ ማን ይቀመጣል?»

«ማንም። ‹ጉራጌዋ ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለች› እያሉ ሸሿት።»

አይናዲስ በገነች። ከተማሪዎቹ አንዱ በልጅቷ ስም እየቀለደ እንደሆነ አልተጠራጠረችም። በማግስቱ ጠዋት የሚመልሰውን አፍ በዓይኗ ልትይዝ፣ ፊቷን ወደ ተማሪዎቹ አዙራ ከሰሌዳው ሥር ቆመች። መምህሩ መጥራት ጀመሩ።

«ናዝራዊት ፍቅሬ።»

«አቤት።»

«ከሪማ አቡበከር።»

አይናዲስ የሠላሳ አምስቱንም ተማሪዎች አፍ አየች፤ ሁሉም ተከድኗል። ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከባዶው ወንበር፣ «አቤት» የሚል ቀጭን የልጅ ድምፅ መጣ።

መምህር ዕዝራ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። ከተማሪዎቹ ግን አንድም ዞር ብሎ ያየ አልነበረም።