ከጎማው ሥር ያለው ድንጋይ

ጋሽ ኑርዬ ለዓመታዊ ምርመራ ያመጡትን ሚኒባስ ከውጫሌው ዳገት ላይ አቁመው ወረዱ። እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው አንድ ድንጋይ ከኋላው ጎማ ሥር ወሸቁና እጃቸውን እያራገፉ ወደ መርማሪዋ ወደ ኢቲሳም መጡ። "ወላሂ ልጄ፣ የእጅ ፍሬኑ ቀጥ አድርጎ ነው የሚይዛት። አለቃሽስ ደውሎልሽ የለም? በይ ማህተሙን ምቺልኝና ቦሎዬን ይዤ ልሂድ፤ ሐይቅ የሚወርድ ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው።"

አለቃዋ እውነትም ደውሎ "ሽማግሌ እንዳታመላልሺ" ብሏት ነበር። ኢቲሳም ማህተሙን አነሳች። ከኋላ የተሰለፉት ሦስት ሾፌሮች ከየመኪናቸው ወርደው እጇን እጇን ያያሉ። ማህተሙን መልሳ አስቀመጠችና ወደ ሚኒባሱ ሄደች።

"እንግዲያው ጋሼ፣ ድንጋዩን ያንሱልኝ" አለቻቸው።

ጋሽ ኑርዬ ሳቅ ብለው ጎንበስ አሉና ድንጋዩን ጨበጡ። ከዳገቱ ግርጌ ሴቶች ሽንኩርት ዘርግተው ይሸጣሉ፤ አንዷ ሕፃን አዝላለች። የሽማግሌው እጅ ድንጋዩ ላይ እንደተጫነ ቀረ። ኢቲሳም ጠበቀቻቸው።

"አፉ በይኝ ልጄ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ። "ወድቃለች ብለሽ ጻፊ።"

ኢቲሳም በትልልቁ ጻፈች። ከዚያ ደረቷን ነፍታ፣ እታች ያሉት ባለሽንኩርቶች ሳይቀሩ እስኪሰሙ ድረስ "ቀጣይ!" ብላ ተጣራች። ማንም አልመጣም። ሦስቱም መኪኖች ከሰልፉ ወጥተው ወደ ጋራዥ እየሄዱ ነበር፤ ቆመውበት በነበረው ቦታ ሦስት ድንጋዮች ቀርተዋል።